መረቡ ይነሣ፣ ይለፍ ነጭ ዓሣ

ሐምሌ ሲገባ ይመጣሉ።

ዝናቡ ሲበረታ፣ ጉማራና ርብ ሞልተው የጣናን ዳር በደለል ሲያቀሉት፣ ነጭ ዓሣ ከሐይቁ መሐል ተነሥቶ ወደ ወንዞቹ አፍ ይሰበሰባል። እንቁላል የያዙት እናቶች አሉ፤ ወንዶቹም አሉ። እዚያ ጥቂት ይጠራቀማሉ። ከዚያ ሙላቱን ሰንጥቀው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከትልቁ ወንዝ ወደ ገባሩ፣ ከገባሩ ወደ ትንሿ ጅረት፣ ውሃው ጠርቶ በጠጠር ላይ ወደሚሮጥበት ቦታ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያ ነው።

ጉዞው ግን ገና ሳይጀመር ይቋረጣል። በወንዙ አፍ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ መረብ ተዘርግቶ ይጠብቃቸዋል።

ወገኖቼ፣ የምለምናችሁ ስለዚህ መረብ ነው። ይነሣ! ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ከወንዞቹ አፍና ከጅረቶቹ ይነሣ። ዓመቱን ሙሉ አላልኩም፤ ሐይቁን በሙሉ ተዉትም አላልኩም። ዓሣው ሊራባ በሚወጣባቸው ጥቂት ወራት፣ በሚወጣበት መንገድ ላይ ብቻ። ከዚህ ያነሰ ልመና የለም። ከዚህ የሚቀድም ሥራም የለም።

የምንጠብቀው ምን እንደሆነ እንወቅ። ገበያ ላይ ሲደረደር ሁሉም አንድ ነው፤ ሁሉም ነጭ ዓሣ ይባላል፤ ከቆሮሶና ከአምባዛ ተለይቶ በኪሎ ይሸጣል። ውሃው ውስጥ ግን አንድ አይደለም። ሳይንቲስቶች ላቢዮባርበስ በሚሉት በዚህ ወገን ውስጥ ጣና ከ15 ያላነሱ ዝርያዎችን ይዟል። አንዱ የውሃ ውስጥ ተክል ይበላል፤ አንዱ ከጭቃ ውስጥ ትል ይለቅማል፤ ስምንቱ ደግሞ ሌላ ዓሣ እያሳደዱ ያድናሉ። መንጋጋቸው ላይ አንድ ጥርስ ሳይኖር አዳኝ ሆነዋል። አንዱ በጎርጎራ ስም ተሰይሟል፤ አንዱ በራሱ በጣና ስም። አብዛኞቹን ከጣና ተፋሰስ ውጭ የትም ብትሄዱ አታገኟቸውም።

እንዴት እዚህ ብቻ ተገኙ? ጢስ ዓባይን ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ያ 40 ሜትር ገደማ የሚወረወር ውሃ ከታች ያለው የዓባይ ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ ዘግቷል። ከፏፏቴው በላይ የቀሩት ሐይቁን ለብቻቸው ወረሱት፤ ጥልቁን ለአንዱ፣ ዳሩን ለሌላው፣ ዐለታማውን ለሦስተኛው ተከፋፈሉት። ይህ ሥራ ሺህ ዓመታትን ፈጅቷል። በዓለም ላይ ይህን የመሰለ፣ ለዚህ ወገን ዘመድ የሆነ የዓሣ ስብስብ ሌላ አንድ ቦታ ነበር፤ ፊሊፒንስ ውስጥ፣ ላናው በሚባል ሐይቅ።

ነበር ነው የምላችሁ። ላናው ውስጥ ከውጭ የመጣ ዓሣ ተለቀቀ፤ አጠማመዱም ልክ አጣ። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የላናውና የመውጫ ወንዙ ብቻ ከነበሩት 17 ዝርያዎች ውስጥ 15ቱ መጥፋታቸውን አወጀ። አሥራ አምስት! ከእንግዲህ ማንም አያያቸውም። በምድር ላይ ተርፎ የቀረው ስብስብ የእኛው ነው፤ የፎገራው ገበሬ ደጃፍ ላይ፣ የደምቢያው ልጅ ከብት በሚያጠጣበት ወንዝ ውስጥ ያለው።

ታዲያ የእኛስ እንዴት ነው? እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ጣና ላይ ሥራ ጀመሩ። ቀድሞ በደንገል ታንኳ ከዳር ዳር የሚሰገረው ዓሣ ከሐይቁ መሐል ሳይቀር ይወጣ ጀመር። የኔዘርላንድና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የለኩትን፣ አሥር ዓመት ሳይሞላ ተመልሰው ሲለኩት የነጭ ዓሣ መጠን በ75 በመቶ ገደማ ወርዶ አገኙት። ከአራት እጅ ሦስቱ! ያም ከ20 ዓመት በፊት የነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ አስጋሪው በዝቷል፤ ክሩ የማይታይ ርካሽ ናይለን መረብም ገብቷል።

ጀልባው ብቻውን ይህን አላደረገም። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዓሣ የሚሸሸግበት ቦታ አለው። ነጭ ዓሣ መሸሸጊያ የሚያጣው በክረምት ነው። በሰፊው ውሃ ተበትኖ ከኖረው ብዙው በአንድ ሰሞን ወደ ጠባቡ የወንዝ አፍ ይመጣል። እዚያ የተጣለ መረብ እናቲቱን ከነእንቁላሏ፣ አባቱን ከነዘሩ ያወጣል። ነጭ ዓሣ ደግሞ ቶሎ የሚተካ ዓሣ አይደለም፤ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ለመራባት ዓመታት ይፈልጋል። ገበሬ ምን ቢራብ የዘር እህሉን አይነካም፤ የነሐሴ ነጭ ዓሣ የጣና የዘር እህል ነው።

እንግዲህ ወደ ጅረቶቹ እንውጣ፤ ነገሩ ሁሉ የሚያልቀው እዚያ ነውና።

ጣና ውሃውን በአብዛኛው የሚያገኘው ከአራት ወንዞች ነው፤ ከግልገል ዓባይ፣ ከጉማራ፣ ከርብና ከመገጭ። እነዚህንም የሚሞሉት ስማቸው ካርታ ላይ የሌለ፣ ከጉና ተራራና ከደጋው ሥር የሚነሡ ትንንሽ ጅረቶች ናቸው። ከመንገድ የራቁ፣ መኪና የማይደርስባቸው፣ የሰፈሩ ሰው ብቻ የሚያውቃቸው። በበጋ ሕፃን ልጅ ይሻገራቸዋል። በነሐሴና በመስከረም ግን የአንድ ሐይቅ ሕይወት በነሱ ላይ ይንጠለጠላል። እንቁላሉ በጠጠሩ መሐል ይወድቃል። በጠጠሩ ቀዳዳ ንጹሕ ውሃ እየተመላለሰ አየር ካላመጣለት አይፈለፈልም። ደለል ከተጫነው ይታፈናል። ጠጠሩ ከተዛቀ የሚወድቅበት የለውም። ጫጩቱም ከተፈለፈለ በኋላ ክረምቱ ወጥቶ ጅረቱ ሳይደርቅ ወደ ሐይቁ መውረድ አለበት።

ይህን የነገሩን የራሳችን ልጆች ናቸው። ዋሴ አንተነህ በድርማና በመገጭ፣ ሸዊት ገብረመድኅን በአርኖ ጋርኖ የዓሣውን ጉዞ ተከትለው አጥንተዋል። በክረምት ጭቃ እየተመላለሱ የትኛው ዝርያ መቼ እንደሚወጣ መዝግበዋል። እውቀቱ እጃችን ላይ አለ። የቀረው እኛ ነን።

ዓሣን ያጠፋው አጥማጅ ነው የሚል ብዙ ነው። እኔ ተቃራኒውንም ልንገራችሁ፤ ዓሣን ያዳነውም አጥማጅ ነው።

በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ተራሮች ትራውት የሚባል ዓሣ አለ። ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ውሃ ካላገኘ አይኖርም፤ የሚራባው እንደኛው ነጭ ዓሣ በጠጠር ላይ ነው። የሚወዱት ሰዎች ቀጭን ዘንግ ይዘው፣ ከላባና ከክር የተሠራ ዝንብ መንጠቆ ላይ አስረው፣ ወደ ሩቅ ጅረት በእግራቸው ይወጣሉ። ብዙዎቹ የያዙትን መልሰው ይለቃሉ። እነዚህ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1959 ሚሺጋን ውስጥ፣ ኦ ሴብል በሚባል ወንዝ ዳር ተሰብስበው ትራውት አንሊሚትድ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ጅረቶቻቸው ሲቆሽሹ አይተው ዝም አላሉም። ተሰበሰቡ፤ ተደራጁ፤ ወንዙን ራሳቸው ጠረጉ፤ መንግሥትንም ወጥረው ያዙ።

አሜሪካ ውስጥ ኮሎራዶ በተባለው ግዛት የሆነውን ስሙ። ግሪንባክ የተባለው የዚያ ግዛት ተራራ ትራውት እ.ኤ.አ. በ1937 ጠፍቷል ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪዎች ዘሩን በጥንቃቄ ሲፈትሹ እውነተኛው ግሪንባክ በአንድ ቦታ ብቻ ተርፎ ተገኘ፤ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ አጠገብ ባለች ቤር ክሪክ በምትባል ትንሽ ጅረት። አንዲት ጅረት! ያቺን ጅረት ለማንም አጥማጅ ዘጓት፤ አጥማጆቹም እሺ አሉ። ብቻ እሺ ብለው አልተቀመጡም። የተፈለፈሉትን ጫጩቶች በውሃ ከረጢት አድርገው፣ በጀርባቸው ተሸክመው፣ ኸርማን ገልች ወደሚባል ሸለቆ ተራራውን ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓሣው እዚያ በራሱ መራባቱን የግዛቱ የዱር እንስሳት ባለሥልጣናት አበሠሩ።

በዴንቨርና በአውሮራ የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ ይህ የሆነው እናንተ በምትነዱበት አውራ ጎዳና ዳር ነው። ሂዱና እዩት። ከነዚያ ሰዎች ጋር ተራመዱ፤ እንዴት እንደተደራጁ፣ ከባለሥልጣን ጋር እንዴት እንደተነጋገሩ ጠይቁ። ከዚያ ያያችሁትን ለባሕር ዳርና ለጎንደር ወንድሞቻችሁ ንገሩ። ከምትልኩት ገንዘብ ባልተናነሰ ይህ ያስፈልገናል።

ትራውት እኛም አገር እንዳለ ታውቁ ይሆናል። ባሌ ተራሮች ላይ፣ በዌብና በዳንካ ወንዞች ይኖራል። ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ እንግዳ ዓሣ ነው፤ እሱን በዘንግ ለመያዝ ባሕር አቋርጠው የሚመጡ ሰዎች አሉ። ለእንግዳው ይህን ያህል ከተባለ ለባለቤቱ ምን ሊባል ነው! ሰው ሠራሽ ዝንብ ጥሎ የጣናን አዳኝ ነጭ ዓሣ በዘንጉ መግጠም የሚመኝ ሰው በዓለም ላይ ሞልቷል። የወንዙ ዳር ወጣት እንዲህ ያለውን እንግዳ በበጋ እየመራ እንጀራ ሊበላበት ይችላል። ዓሣው ካለ ነው ግን። አንድ ነገር አደራ፤ ትራውትም ሆነ ሌላ የውጭ ዓሣ ወደ ጣና ገባሮች እንዳይመጣ። ማንም ምንም ጥቅም ቢነግራችሁ እምቢ በሉ። ላናውን አስታውሱ።

አሁን እያንዳንዳችንን ስለሚመለከተው እናውራ።

አንተ አስጋሪው ወንድሜ፣ መጀመሪያ ወደ አንተ ነው የምመጣው። ይህን ሐይቅ ከአንተ በላይ የሚያውቀው የለም። መረብህ ባዶውን ሲወጣ፣ የምትይዘው ዓሣ ከዓመት ዓመት ሲያንስ ያየኸው አንተ ነህ። ልጆችህ እንደሚበሉ፣ የጀልባ ዕዳ እንዳለብህ አውቃለሁ። ስለዚህ አትስገር አልልህም። በክረምት መረብህን ከጉማራ አፍ፣ ከርብ አፍ፣ ከመገጭ፣ ከድርማ፣ ከአርኖ ጋርኖ፣ ከግልገል ዓባይ አፍ አርቀው። ወደ ሰፊው ውሃ ግባ። በማኅበርህ ስብሰባ ላይ ተነሥና ይህን ተናገር፤ ብቻህን ብታነሣ ሌላው እንደሚተክልበት ትፈራለህና፣ ሁላችሁም በአንድ ቀን አንሡ። በአንድ ቀን! ተረኛ ጠባቂ ከመሐላችሁ ምረጡ። ባለቤቱ ያልታወቀ መረብ ሲገኝ ለማኅበሩ ይቅረብ።

ሕጉም ከጎንህ ነው። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ቆየ። ክልሉም የራሱ አዋጅ አለው። የጎደለው ወረቀት አይደለም፤ በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ወንዝ ዳር የሚቆም ሰው ነው።

ወደ ላይ፣ ወደ ጅረቱ ስንወጣ የሚጠብቀን ከመረቡ የባሰ ነው። እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ብርብራው ነው። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ጅረት ውስጥ ሲገባ ዓሣው ይሰክራል፤ ተንሳፍፎ በእጅ ይለቀማል። ወጪ የለው፣ ድካም የለው። ግን መርዝ አይመርጥም። ለወጥ የሚሆነውን አንድ ዓሣ ሊሰጥህ ጫጩቱን፣ ትሉን፣ ዓሣው የሚበላውን ሁሉ ይገድላል። ለአንድ ቀን እራት የአንድ ጅረት ትውልድ ያልቃል። እናቶች፣ አባቶች፣ ልጆቻችሁን ከልክሉ። መምህራን፣ ክረምት ሳይገባና ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ለተማሪዎቻችሁ ይህን ንገሩ፤ ጅረት የሚወርደው እረኛ ልጅ ነውና። የአገር ሽማግሌዎች፣ ብርብራ ውሃ ውስጥ የሚጨምር ሰው በመንደሩ እንዲነወር አድርጉ። የእናንተ ቃል ከቅጣት ደብዳቤ ይበልጣል።

ቀጥሎ አሸዋና ጠጠሩ ነው። ከተሞቻችን እየተሠሩ ነው፤ ይሠሩ። ግን የሕንፃው ጠጠር የሚዛቀው ዓሣው እንቁላል ከሚጥልበት መሆን የለበትም። በእጃችሁ የምታወጡት ወጣቶች ሥራ አጥታችሁ ነው፤ ጥፋቱን በእናንተ ላይ አልጭንም። ኮንትራክተሩን ነው የምጠይቀው፤ ጠጠርህ ከየት እንደመጣ ጠይቅ። የወረዳ ሹሙን ነው የምጠይቀው፤ የማውጫውን ቦታ ከመራቢያ ጅረቶች አርቀህ ለይ፤ ለወጣቶቹም ሌላ ቦታ ስጣቸው።

የውሃ መሐንዲሶች፣ እናንተም አላችሁበት። በርብ ላይ ትልቅ ግድብ ተሠርቷል፤ ሌሎች ወንዞችም ተጠንተዋል። መስኖ ያስፈልገናል። ነገር ግን የትኛውንም መጥለፊያ ስትነድፉ ዓሣ የሚወጣበት መተላለፊያ አብራችሁ ንደፉ። ንድፉ ላይ እያለ ቀላል ነው፤ ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ ግን ዓሣው ግንቡን እየገጨ ይቀራል።

የፎገራና የደራ ገበሬዎች፣ የሊቦ ከምከምና የደምቢያ ገበሬዎች! ማረሻችሁን ከወንዙ ዳር ጥቂት አርቁት። ሳሩና ዛፉ ዳሩን ይያዝ፤ ደለሉን ያስቀርላችኋል፤ ማሳችሁም በጎርፍ አይቆረስም። ሽንኩርት ልታጠጡ ፓምፕ ስትተክሉ አፉን በጥቅጥቅ ወንፊት ሸፍኑ፤ ያ ጊዜ ጫጩቱ ወደ ሐይቁ የሚወርድበት ነው። ጅረቱን ጨርሳችሁ አታድርቁት፤ በመሐሉ የምትሄድ ቀጭን ውሃ ተዉላቸው።

ካህናት አባቶቻችን፣ በጣና ደሴቶችና በዳርቻው ባሉት አድባራት ዙሪያ ደን የቆመው በእናንተ ግዝት ነው። ማንም ሳያዛችሁ ዛፉን ለዘመናት ጠብቃችኋል። ያ ጥበቃ ከደኑ ሥር ወደምትፈልቀው ምንጭና ጅረት ይውረድ። በሐምሌ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስለዚህ ዓሣ ጥቂት ቃል ተናገሩ። ጥቂት ቃል ይበቃል።

ዓሣ ገዢዎችና የምግብ ቤት ባለቤቶች፣ በባሕር ዳር፣ በጎንደር፣ በአዲስ አበባ ያላችሁ! መረቡን የሚዘረጋው የእናንተ ብር ነው። በክረምቱ እንቁላል የያዘ ነጭ ዓሣ ሲቀርብላችሁ አትግዙ። ለአቅራቢያችሁ በግልጽ ንገሩት፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ከወንዝ አፍ የወጣ ነጭ ዓሣ አልቀበልም በሉት። በፍልሰታ ዓሣ የምትመገቡ፣ እናንተም አስተናጋጁን ጠይቁት። ዓሣው የት ተያዘ? መልሱን ባያውቅ እንኳ ጥያቄው ወደ ኋላ፣ ወደ ነጋዴው ይሄዳል። አሥር ሰው ሲጠይቀው ነጋዴው ይሰማል።

በዘንግና በመንጠቆ ማጥመድ የምትወዱ፣ ቁጥራችሁ ትንሽ ቢሆንም ከእናንተ ብዙ እጠብቃለሁ። የትራውት አጥማጆቹን ሥርዓት ያዙ። በመራቢያ ወቅት ዘንጋችሁን ስቀሉ። የመንጠቆውን የኋላ እሾህ በጉጠት ጨፍልቁት፤ ዓሣውን ሳይቀድ ይወጣል። ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በውሃ አርጥቡ፤ ደረቅ እጅ ገላውን የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፈዋል። በጠጠሩ ላይ አትራመዱ፤ እግራችሁ ሥር እንቁላል ይኖራል። ከዚያም ዓይን ሁኑ። ሰው የማይደርስበት ጅረት የምትደርሱት እናንተ ናችሁ፤ መረብ፣ ብርብራ፣ የጠጠር ጉድጓድ ስታዩ ፎቶ አንሡ፤ ቦታውንና ቀኑን ጻፉ፤ ለወረዳው የዓሣ ባለሙያ አድርሱ።

ጊዜው ከባድ ነው፤ አውቀዋለሁ። ሰላም ባጣ አገር፣ ኑሮ በከበደበት ሰሞን ስለ ዓሣ መጮህ ምን ይሉታል የሚል ይኖራል። እኔ ግን እላለሁ፤ ዓሣው የእኛን ሰላም አይጠብቅም። ዝናቡ ሲመጣ ይመጣል። ዘንድሮ ካልራባ የዘንድሮው ትውልድ የለም። ደግሞ መረብ ለማንሣት በጀት አያስፈልግም፤ ስብሰባ ብቻ ይበቃል። ብርብራ ለመተው ብር አይጠየቅበትም።

አንችልም የሚለኝን እምቦጩን አስታውሰዋለሁ። አረሙ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣናን ሲወር ማን ተነሣ? ገበሬው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። ተማሪው ከሩቅ ከተማ በአውቶቡስ ሄደ። ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ፣ በአረብ አገር ከሚሠሩ እህቶቻችን ሳይቀር ገንዘብ ተዋጣ፤ ማሽን ተገዛ። አረሙ ዛሬም አላለቀም፤ ትግሉም አላለቀም። ግን ጣና ሲጠራ ሕዝቡ እንደሚመጣ በዓይናችን አይተናል። ያኔ የመጣችሁ ሁሉ፣ አሁንም ኑ። ያኔ አረም ተሸክማችሁ ወጣችሁ፤ አሁን የምትሸከሙት የለም። መንገዱን ክፈቱና ቁሙ።

እንቸኩል።

ለዘመድህ ደውል። ወንዝ ዳር ያደገ አጎት አለህ፤ ጠይቀው፤ በልጅነቱ ነጭ ዓሣ የሚወጣባት ጅረት የትኛዋ ነበረች? ዛሬስ ይወጣባታል? ስሟን ጻፍ። ስሟ የተጻፈ ጅረት ጠባቂ ታገኛለች።

በዋሽንግተን፣ በአትላንታ፣ በቴል አቪቭ፣ በዱባይ ያላችሁ የጎንደርና የጎጃም ልጆች፣ እድራችሁና ማኅበራችሁ አንዲት ጅረት ይያዝ። አንዲት ብቻ። ለክረምት ጠባቂዎቿ የዝናብ ልብስና ቦቲ ጫማ ግዙ፤ ለሌሊት ጥበቃ ባትሪ ላኩ።

የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርዕስ ከጅረቶቹ ምረጡ። ውጡ፤ ቁጠሩ፤ የቆጠራችሁትንም ወንዙ ዳር ላለው ገበሬ በአማርኛ መልሳችሁ ንገሩት።

ጋዜጠኞች፣ በነሐሴ ማይክሮፎናችሁን ጉማራ ዳር አምጡት።

የቀበሌ ሊቀ መንበሮች፣ የዓሣ አስጋሪ ማኅበራት፣ ካህናት፣ ሽማግሌዎች፣ ርዕሳነ መምህራን፣ በሰኔ አንድ ቀን አንድ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። አንድ ሰዓት ይበቃችኋል። የትኛው የወንዝ አፍ፣ የትኛዋ ጅረት፣ ከስንት እስከ ስንት ቀን፣ ማን በየትኛው ሌሊት እንደሚጠብቅ ወስኑ። መረቡ ይነሣ፣ ይለፍ ነጭ ዓሣ ብላችሁ ተስማሙና ቃለ ጉባኤ ያዙ፤ አስጋሪውም፣ ነጋዴውም፣ ገበሬውም እዚያው ይፈርም። ሳይፈርም ማንም ከዛፉ ሥር አይነሣ።